ሥራ እየፈለጉ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ በረንዳ ላይ ጎመን መትከል

ጥያቄ፦ «አያት ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 5። ለአምስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ከቆየሁበት የግል ድርጅት በሠራተኛ ቅነሳ ነሐሴ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። የአስቤዛ ወጪ እንዲቀልልኝ አትክልት ልጀምር አስቤአለሁ። በረንዳዬ 3 ሜትር በ1 ሜትር ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። የሕንጻው ኮሚቴም ከግድግዳው ሥር 2 ካሬ ሜትር መሬት ፈቅዶልኛል። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ሁሉንም መትከል ነው ፍላጎቴ። ግን ገና ሳልጀምር ቀኑ በቤት ሥራና በቡና እያለቀ አንድ ማመልከቻ እንኳ ሳልጽፍ ይመሻል። እንዴት ላብቃቃው? ከቤት የሚተርፈውንስ ለጎረቤት ብሸጥ ያዋጣል?»

መልስ፦

አትክልቱን የሚወስነው ያለዎት ቦታ ሳይሆን ያለዎት ጊዜ ነው። ጊዜውን ሲለኩ ደግሞ ቤት የሚውሉበትን ቀን አይውሰዱ። ለፈተና ወይም ለቃለ መጠይቅ ከጠዋት እስከ ማታ የሚወጡበትን ቀን ይውሰዱ። በዚያ ቀን ማንም ሳይነካው ሳይጠወልግ የሚያመሽ አትክልት ልክዎ ነው። ከዚያ ያለፈው ግን ሥራ በተገኘ በሁለተኛው ሳምንት ደርቆ የሚጣል ነው። በእርስዎ ሁኔታ ይህ ማለት በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት መጨረሻ ደግሞ ባለቤትዎ ባለበት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ልክ የተሰፋ ነው።

አፈር ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጠዋት ለወረቀት ይስጡ፤ ከሁለት ዓመት ጎመን የበለጠ ገንዘብ ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል። የወጡት በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዎታል። ስሌቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው። በቅነሳ ለወጣ ሠራተኛ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። አምስት ዓመት ሙሉ ከሠሩ 30 ሲደመር 40 ሲደመር 60፣ በድምሩ የ130 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ነበረበት። ካልተከፈለዎት ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል፤ ነሐሴ ላይ ለወጣ ሰው የካቲት ላይ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ቅነሳው ከሕግ ውጪ ነው፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚሉ ከሆነ ደግሞ ያለዎት ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ኅዳር ላይ ያበቃል።

በዚያው ጉዞ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይውሰዱ፤ ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው የመስጠት ግዴታ አለበት። ወረቀቱ ላይ የሥራ መደብዎ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠሩ፣ ደመወዝዎ እና የሥራ ግብር መከፈሉ በግልጽ መስፈሩን እዚያው ቆመው ያንብቡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ «ግብር የተከፈለበት» የሚለውን ስለሚጠይቅ፣ ይህ አንድ መስመር በጠፋበት ወረቀት የአምስት ዓመት ልምድ እንደ ዜሮ ሊቆጠር ይችላል።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አሁን መስከረም እያለቀ ነው። በኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሒሳባቸውን የሚዘጉ ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ግብራቸውን አሳውቀው የሚጨርሱት ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ ጥቅምት በሙሉ የሒሳብና የኦዲት ቢሮዎች እጅ የሚያጥራቸው ወር ነው። ደረሰኝ የሚለይ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር) ላይ የሚያስገባ፣ የባንክ ሒሳብ የሚያስታርቅ ሰው ለአራትና ለአምስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ይህን ሥራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እምብዛም አያገኙትም። የሚገኘው በስልክ ነው፤ አብረዎት የተማሩትን፣ የቀድሞ ድርጅትዎን ሒሳብ ይመረምር የነበረውን ቢሮ፣ የሒሳብ መዝገብ ቤት የከፈተ የሚያውቁት ሰው ካለ እሱን ያነጋግሩ። «እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ሙሉ ቀን መሥራት እችላለሁ» ብሎ መደወል የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙ ቋሚ ቅጥርም የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ከተሳካ ጥቅምትን ከቤት ውጭ ይውላሉ፤ ስለዚህ አትክልቱ መስከረም ከማለቁ በፊት መሬት ገብቶ ጥቅምትን በሰው እጅ ማለፍ የሚችል መሆን አለበት።

ቀኑን መክፈል

ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱበት እስከ ምሳ ያለው ጊዜ፣ ማለትም ከ2:30 እስከ 6:30፣ የሥራ ፍለጋ ነው፤ ሌላ ምንም ነገር አይግባበት። አብዛኛው ቤት ውስጥ የሚበላሸው ይህ ክፍል ነው። ሥራ የሌላት ሴት «ቤት ናት» ተብላ ስለምትታሰብ ለቅሶውም፣ ወረፋ መያዙም፣ ቀበሌ መላኩም ወደ እሷ ያዘነብላል። ለአማትዎና ለባለቤትዎ «እስከ 6:30 ቢሮ ነኝ» ብለው አንዴ በግልጽ ይንገሩ። ለጎረቤቶችም የቡናውን ሰዓት ወደ 10 ሰዓት ያዛውሩት። ቡናውን ግን አይተዉት። የዕድር ሰው፣ የጎረቤት ባል፣ የማኅበር ጓደኛ ነው «እኛ ቢሮ ገንዘብ ያዥ ይፈለጋል» የሚለው። ችግሩ የቡናው ሰዓት እንጂ ቡናው አይደለም።

በአራቱ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ ማየት ነው። ኢትዮጆብስ፣ የቴሌግራም ቻናሎች፣ ረቡዕና እሑድ ሪፖርተር፣ በየቀኑ አዲስ ዘመን። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ይዝጉት፤ ቴሌግራም ላይ ሦስት ሰዓት መቆየት ሥራ የመፈለግ ስሜት ይሰጣል፣ ማመልከቻ ግን አይወልድም። ያገኙትን በደብተር ይመዝግቡ፦ መሥሪያ ቤቱ፣ መደቡ፣ የሚጠየቀው ልምድ፣ የመጨረሻው ቀን። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲል ቅዳሜ ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። በሦስተኛው ቀን ካስገቡ ጥያቄው አያስጨንቅዎትም።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ለአንድ ማመልከቻ ብቻ። በቀን አንድ በደንብ የተሠራ ማመልከቻ በሳምንት አምስት ነው፤ ይበቃል። በአዲስ አበባ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች ላይ የተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት ድጋፍ አነጻጽሮ ነበር፤ ለአንዱ ቡድን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሄዶ እንዲያይ የታክሲ ወጪ ተሰጠው፣ ለሌላው የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ሥልጠና። ሁለቱም ለጊዜው ረድተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢው ላይ ልዩነቱ የታየው ግን ሥልጠናውን ባገኘው ቡድን ነው። እግር ከመፍጠን ይልቅ ወረቀቱ መስተካከሉ ይበልጣል የሚለውን ከዚህ መውሰድ ይቻላል።

ወረቀቱ ላይ ለሒሳብ ሰው የሚጠቅመው ዝርዝር ነው። «የሒሳብ ሥራዎችን ሠርቻለሁ» ከማለት በወር ስንት ያህል የክፍያ ሰነድ ያዘጋጁ እንደነበር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የሥራ ግብር ማሳወቂያ ራስዎ ይሞሉ እንደነበር፣ የስንት ባንክ ሒሳብ ያስታርቁ እንደነበር ይጻፉ። በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ 847/2006 ምክንያት አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) የሚጠይቅ ማስታወቂያ ብዙ ነው፤ ሥልጠና ወስደው ከሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታይ። ሲቪው ከሁለት ገጽ አይለፍ። ሁለት ዓይነት አድርገው ያዘጋጁት፤ አንዱ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ሌላው ለገንዘብ ያዥ ወይም ለንብረት ክፍል።

ዋስንም አሁኑኑ ያስቡበት። ገንዘብና ንብረት የሚነካ መደብ ላይ ፈተናውን አልፈው በዋስ እጦት የሚዘገዩ፣ አንዳንዴም ዕድሉ ወደ ተጠባባቂው የሚያልፍባቸው ሰዎች አሉ። ቋሚ ሥራ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሊያጽፍ የሚችል ሰው ማን እንደሆነ ዛሬ ይለዩና ፈቃዱን ይጠይቁ። ሌላው፦ ለአገር ውስጥ ሥራ አገናኛለሁ የሚል ኤጀንሲ ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ መቀበል በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አልተፈቀደለትም። «የመመዝገቢያ» ወይም «የፎርም» ከተባሉ ይውጡ።

ማክሰኞና ሐሙስ መውጫ ቀን ይሁኑ። ከአያት በቀላል ባቡር መሀል ከተማ ገብተው የአራት ኪሎን የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት፣ ወረቀት ማስገባት፣ ኮፒ ማስደረግ፣ ሲመለሱ ችግኝ ወይም ዘር መግዛት፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ። ለአንድ ኮፒ ብቻ አይውጡ።

ምን ይተከል፣ ምን ይቅር

ሽንኩርት ይቅር። ከአንድ ካሬ ሜትር በደንብ ቢያዝ እንኳ ከ2 ኪሎ ብዙም አይዘልም፣ ለዚያም አራት ወር ከዚያም በላይ ቦታ ይይዛል፤ ቤትዎ ያንን በሳምንት ይጨርሰዋል። ድንችም እንደዚሁ። ቲማቲም በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ አስቸጋሪ ነው። ክረምት ገበሬው ምች የሚለው በሽታ ቅጠሉን በቀናት ውስጥ ያጠቁረዋል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ የሌሊቱ ሙቀት ወደ 8 ዲግሪ፣ እንደ አያት ባለ ገላጣ ቦታም ከዚያ በታች ስለሚወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ካሮት ሦስት ወር ቆይቶ አንድ ቀን ተነቅሎ ያልቃል።

ለእርስዎ የሚሆነው ቅጠሉ እየተቀጠፈ እንደገና የሚያበቅለው ነው፦ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። አንዴ ተተክለው ለወራት ይሰጣሉ፣ በቀን ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓት ያህል የሚቆይ ፀሐይ ይበቃቸዋል፣ አንድ ቀን ቢረሱም አይሞቱም። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን የሚበላ ስለሆነ ውኃውን ራስዎ ማወቅዎ ዋጋ አለው። ከተማ ውስጥ የሚሸጠው አትክልት ከፊሉ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ የተበከለ ውኃ የሚለማ ነው።

በ2 ካሬ ሜትሩ መሬት 10 የጎመን ችግኝ፣ በሁለት ረድፍ፣ በመካከላቸው 40 ሳንቲ ሜትር። ዳር ላይ አንድ ረድፍ ቀይ ሥር በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት። በረንዳው ላይ ስድስት ባለ 20 ሊትር ዕቃ፦ ሦስቱ ለቆስጣ፣ አንዱ ለሰላጣ፣ አንዱ ለቃሪያ፣ አንዱ አማትዎ ለሚመርጡት በሶብላ፣ ጤና አዳም ወይም ድንብላል። በዚህ ላይ ሌላ አይጨምሩ።

ጎመኑን በችግኝ ይግዙት። ከዘር መነሳት አራትና አምስት ሳምንት ችግኝ መንከባከብ ነው፤ ያ ጊዜ የለዎትም። ችግኙ ከአራት እስከ ስድስት ቅጠል ያለው፣ ግንዱ ያልቀጠነ፣ ሥሩ ላይ አፈር የያዘ ይሁን። የወረዳዎ የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም፣ በተለይ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ዘርና ችግኝ የሚያቀርብበት ጊዜ ስላለ አንዴ ጎራ ብለው ይጠይቁ። ቆስጣ ግን ከዘር ይቀላል። ፍሬውን አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ያሳድሩትና 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩት። አንድ ፍሬ የሚመስለው የብዙ ዘር ጥቅል ስለሆነ ከአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ቡቃያ ይወጣል። ጠንካራውን አንድ ብቻ አስቀርተው ሌሎቹን በመቀስ ይቁረጡ፤ ከነቀሉት የሚቀረውን ሥር ያናጋሉ። በአንድ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ሁለት ቆስጣ ብቻ። አራት ቢተክሉ አራቱም ቀጭነው ይቀራሉ።

መስከረም 25 የተዘራ ቆስጣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ሃምሳ ቀን ይሞላዋል። ያኔ ወይም በሳምንት ልዩነት የመጀመሪያው ቅጠል ይደርሳል። ሦስቱን ዕቃ ግን በአንድ ቀን አይዝሩ፤ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከዚያ በሁለት ሳምንት።

አፈሩ

በእርስዎ አካባቢ ያለው ጥቁር መረሬ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ውኃ ይቋጥራል። በዕቃ ውስጥ ብቻውን ሥር ያንቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ያረጀ ፍግ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይቀላቅሉ። ለስድስቱ ዕቃ በድምሩ ወደ 100 ሊትር ገደማ ይበቃል፤ 40፣ 40 እና 20 ሊትር ማለት ነው። ለመሬቱ ደግሞ ሁለት ጆንያ ኮምፖስት በትነው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፍሩ፤ ይህ የባለቤትዎ የአንድ እሑድ ሥራ ነው።

ፍጉ መብሰሉን በእጅዎና በአፍንጫዎ ያውቁታል። ጨብጠው ሲለቁት የሚፈረፈር፣ የማይሞቅ፣ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት ከሆነ ደርሷል። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው ችግኙን በሳምንት ያቃጥለዋል፤ ለሁለት ወር ያህል ይቆይ። የምድጃ አመድ በዕቃ አንድ እፍኝ ይበቃል። ከፍግ ጋር አንድ ላይ አይቀላቅሉት፣ የፍጉን ናይትሮጅን ወደ አየር ያስወጣዋል።

ዕቃው የዘይት ጀሪካን ጎኑ ተቀድዶ ወይም የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ ይሆናል። ከታች በጋለ ምስማር ስምንት ቀዳዳ ይብሱ። ከሥር ጠጠር መደልደል ልማድ ነው እንጂ ውኃውን አያፋጥነውም፣ የሥሩን ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ ቀዳዳው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ጣል ማድረግ ይበቃል። እርጥብ አፈር የያዘ ባለ 20 ሊትር ዕቃ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ከግድግዳው በኩል ይደርድሩት እንጂ መከላከያው ላይ አይስቀሉት። በጆንያ መትከል ያዩ ይሆናል፤ እሱ ከመሬት ላይ እንጂ በረንዳ ላይ አይሆንም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ማቆሪያ ሳህን ያድርጉ። በኮንዶሚኒየም የበረንዳ አትክልትን የሚያስነቅለው ተባይ ሳይሆን ከታች ቤት ልብስ ላይ የሚንጠባጠበው ጭቃ ነው።

ውኃ

በደረቁ ወቅት አንድ ዕቃ በቀን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ይጠጣል። ለስድስቱ በቀን እስከ 9 ሊትር፣ ለመሬቱም በሦስት ቀን አንዴ 20 ሊትር ያህል። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ይህን ያህል ከመጠጥ ውኃ ላይ አይቀንሱ፤ አትክልት፣ ምስርና ሩዝ የታጠበበትን ያጠራቅሙ። በረኪና ወይም የልብስ ሳሙና የነካው ግን አይሆንም።

ጠዋት 12:30 ላይ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡ። እዚያ እርጥብ ከሆነ አያጠጡ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ እርጥብ ከሆነ የሚገድለው ውኃ መብዛቱ ነው፤ ሰው ግን ቢጫውን አይቶ ይጨምርበታል። ላዩን 5 ሳንቲ ሜትር የጤፍ ጭድ ያልብሱት፣ የጥቅምት ነፋስ የሚያደርቀውን በብዙ ይቀንሳል።

ለፈተና ቀን ደግሞ ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ያዘጋጁ። ክዳኑን በጋለ መርፌ አንድ ቀዳዳ ይብሱ፣ ታቹን ይቁረጡ፣ በክዳኑ ዘቅዝቀው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩትና ይሙሉት። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሌላ ክዳን ይሞክሩ። ጭራሽ የማይወርድ ከሆነ አፈር ደፍኖታል፤ ክዳኑን በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍኑት። ቢያንስ ቀኑን ሙሉ ማንጠባጠብ አለበት። ይህን ሙከራ ቤት በሚውሉበት ቀን ያድርጉት።

ተባይ

ጎመን ላይ ዝናብ ሲቆም የሚመጣው ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ቅጠሉ ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ገልብጠው ይዩት፤ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ክምችት ያገኛሉ። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካዩም ክሽክሽ ሊኖር ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፦ በመጀመሪያው ቀን በጣት አሽቶ መጥረግ ይበቃል። ከተስፋፋ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው ከቅጠሉ ሥር አመሻሽ ላይ ይርጩ፣ ጠዋት በንጹሕ ውኃ ያጥቡት። ሳሙናው የነካውን ብቻ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ በአራት በአምስት ቀን ይድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ያነድደዋል። ለማሳ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ልጆች ባሉበት በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይግባ።

ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ከአፈሩ አፋፍ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙት ቆራጭ ትል ነው። ዙሪያውን 3 ሳንቲ ሜትር ቢጭሩ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ያገኛሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ በ8 ሳንቲ ሜትር ቀለበት እየቆረጡ ችግኙን ያጥልቁት፣ 3ቱ ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይግባ።

ማን ምን ይሥራ

የ9 ዓመቱ ልጅ የማጠጣቱን ሥራ ይውሰድ፤ በልኬት ግን፤ «አንድ ዕቃ፣ አንድ የሊትር ጠርሙስ» ብለው ካልወሰኑለት ያጥለቀልቀዋል። ትንሿ ቅጠል እየገለበጠች ክሽክሽ ትፈልግ፤ ቁመቷ ለዚያ ይመቻል። አማትዎን ቅጠፋውንና ቅመማ ቅመሙን ይጠይቋቸው እንጂ ውኃ ተሸክመው ደረጃ እንዲወርዱ አያድርጉ። የታችኛውን መሬት ውኃ ባለቤትዎ ማታ ሲገባ በሦስት ቀን አንዴ ያድርስ።

ቅጠፋው ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቢሆን ለረቡዕና ለዓርብ ጾም ይደርሳል። ከውጭ በኩል ያለውን ሰፊ ቅጠል ከነአገዳው ከግንዱ ሥር ይገንጥሉ፣ መሀል ላይ ሁልጊዜ አምስት ቅጠል ይቅር። ከዚያ በታች የወረደ ጎመን ለማገገም ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል። ከአሥሩ ጎመንና ከስድስቱ ቆስጣ፣ በደንብ ከያዙ፣ በሳምንት የሁለት ቀን የጎመን ወጥ ይጠብቁ። የቤቱን ወጪ አይሸፍንም፤ የቅጠላ ቅጠሉን ግን ይተካል።

መሸጡ በዚህ መጠን አያዋጣም። የሚተርፈው በሳምንት አንድ እስር ቢሆን ነው፤ እሱንም ለመሸጥ የሚጠፋው ሰዓት ከማመልከቻው ላይ ይቀነሳል። ለታችኛዋ ጎረቤት በነጻ መስጠት ይሻላል፤ ውኃ አንድ ቀን ቢንጠባጠብባት ትታገስዎታለች። የሚሸጥ ነገር ከፈለጉ በሶብላና ጤና አዳም ናቸው፤ ጤና አዳምን ከቅርንጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው እርጥብ አሸዋ ላይ ቢተክሉ ይይዛል፣ በትንሽ ዕቃ አድርገው ከነሥሩ መስጠት ይቻላል።

ሥራው ሲገኝ የሙከራ ጊዜው በግል ድርጅት እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ምንም አዲስ ነገር አይዝሩ። ሰላጣውና ቀይ ሥሩ ሲያልቅ ዕቃውን ባዶ ይተዉት፣ ቃሪያው ከደከመም ይንቀሉት። ጎመኑ፣ ቆስጣውና የአማትዎ ዕቃ ብቻ ይቆዩ፤ እነሱ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል። ጥቅምት ላይ ጊዜያዊ ሥራ ካገኙም ይኸው ነው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የቆስጣ ዙር ይዝለሉት።